ከሐኪሟ የቀደመው ካሜራ

የዓመት ፈቃዴን ለነጻ አገልግሎት ስሰጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነርስ ነኝ። አንድ የክርስቲያን በጎ አድራጊዎች ቡድን ከውጭ አገር መጥቶ፣ እኛው አካባቢ ባለ አነስተኛ ሆስፒታል የእንቅርት ቀዶ ሕክምና በነጻ ሊሰጥ ነው፤ አስተርጓሚ ነርስም ይፈልጋል ተባለ። ሳላመነታ ተመዘገብኩ።

ከታካሚዎቹ መካከል ከደብረ ወርቅ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ነበረች። ባሏ ቄስ ናቸው፤ ከአጠገቧ አይለዩም። እንቅርቷ ደረቷ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ነጠላዋን ደራርባ ትጠመጥምበታለች፤ ለመናገር አፏን ስትከፍት እንኳ እጇ ቀድሞ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዝምተኛ የውጭ አገር ሴት ናት። መርምራት ስታበቃ «ነገ ጠዋት እናወጣዋለን» አለች። ስተረጉምላት ሴትየዋ እንባዋ መጣ። ቄሱ አማተቡ።

ከምርመራ ክፍሉ ስንወጣ የቡድኑ አስተባባሪና አንድ ካሜራ የያዘ ሰው በረንዳው ላይ ይጠብቁናል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እዚያው ተደርድሮ ተቀምጧል።

«ነጠላዋን አውልቃ ወደዚህ ትዙር በያት» አለኝ አስተባባሪው።

«ለሕክምናው የሚያስፈልገው ፎቶ ውስጥ ተነሥቷል» አልኩት።

«ይኼ ለደጋፊዎቻችን ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ምንም ተስፋ እንዳልነበራትም ትናገር። ብታለቅስም ችግር የለውም።»

ደሜ ፈላ። ሴትየዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምን አለ?» አለችኝ። አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት። አንገቱ የእሷ ነው፤ ማወቅ ያለባትም እሷ ናት። «ካልፈለግሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ» ብዬ ጨመርኩላት።

መሬት መሬቱን እያየች «እምቢ ካልኩ አያክሙኝም?» አለች።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄዋ ነው። ትንፋሽ ያጠራት ሰው ለመዳን ስትል አደባባይ ላይ መገለጥ እንዳለባት አሰበች፤ እንዲህ እንድታስብ ያደረጋት ደግሞ በእግዚአብሔር ስም የመጣ ሰው ነው። ጥያቄዋን እንዳለ ተረጎምኩለት። ሰዓቱን አየት አድርጎ «እናክማታለን እንጂ! ግን ደጋፊ ከሌለ ሌላ ጊዜ አንመጣም። ይህን አስረጃት» አለ።

ቄሱ ራመድ ብለው በሚስታቸውና በካሜራው መካከል ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ስለመጡልን እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በጸሎት አንረሳቸውም። ሚስቴ ግን ሰው መሀል ነጠላዋን አታወልቅም። ተስፋ አልነበራትም ማለትም ሐሰት ነው። ተስፋ ባይኖራት ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ ምን ያመጣታል?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ባለካሜራው አፍሮ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አስተባባሪው ግን «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እናያለን» ብሎ ሄደ።

እኔም ቀጥ ብዬ ወደ ሐኪሟ ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። «እኔ በምሠራበት ክፍል ካሜራ አይገባም» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። በማግስቱ ማደንዘዣው እስኪወስዳት ድረስ የሴትየዋን እጅ ይዤ ቆየሁ። እንቅርቱ በሰላም ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን ወደ መኝታ ክፍሉ ስገባ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። እሷ አንገቷ በፋሻ ታስሮ፣ ልብሷ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ቄሱ ለሾርባ ወጥተዋል። አስተባባሪው ከራስጌዋ ቆሞ ባለካሜራውን «ጠጋ በል» ይለዋል።

ሄጄ ፊታቸው ተገተርኩ። «አጥፉት!»

«አንቺ በጎ ፈቃደኛ ነሽ» አለኝ። «ካልተስማማሽ መሄድ ትችያለሽ።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ያነሣችሁት ይጥፋ!»

በእንግሊዝኛ የተባባልነው ባይገባቸውም፣ ጎን ካለው አልጋ አንዲት አሮጊት እየቃተቱ ተነሡና የገዛ ጋቢያቸውን ሴትየዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ባለካሜራው ምስሎቹን ዓይኔ እያየ አጠፋቸው።

የዚያኑ ዕለት አሰናበቱኝ፤ በምትኬም ሌላ አስተርጓሚ አመጡ። እኔ ግን እንደማንኛውም ጠያቂ ወተት ይዤ እመላለስ ነበር። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ሻክሮ አስፈራን። ለክትትል ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ግን ጠርቶ አገኘሁት። «እህቴ፣ እንደ ሰው በጀርባዬ ተኝቼ አደርኩ እኮ!» አለችኝ እየሳቀች። ቄሱ ከኋላዋ ሆነው «አሁንማ ታንኮራፋለች» አሉ።

ይህን ሳወራ «በነጻ አክመዋት አንዲት ፎቶ ምን አላት?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እበሽቃለሁ። ሐኪሟም በነጻ ነው ያከመቻት፤ በምላሹ ግን ምንም አልጠየቀቻትም።

በዓመቱ ቡድኑ ተመልሶ ሊመጣ ሲል ደወሉልኝ። ካሜራው አብሮ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩ። «አዎ፣ እሱ ግድ ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው ለሐኪሟ አስተረጉማለሁ» አልኳቸው። «ለካሜራው ሌላ ሰው ፈልጉ።»