ኪኒኑን ትቼዋለሁ ያልኩበት መንደር

መጀመሪያ የጀመረኝ ሳል ነው። የሚያስደነግጥ ሳል አልነበረም፤ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስለኝና ይተወኛል። አቧራ ነው አልኩ። በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ለወንጌል ሥራ ወደ ገጠር ደጋግመን እንወጣ ነበር። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ከመኪና ስንወርድ የሁላችንም ቅንድብ ነጭ ሆኖ ነው የምንወርደው። ሁላችንም ስለምናስል የኔን ሳል ለይቶ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔም አልሰማሁትም።

ደበበ እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ደቤ ይሉኛል። የምኖረው አቃቂ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሱኝ። የምጽፈው የኔ በሽታ ለያዘው ሰው ነው፤ ከዚያም ይልቅ የኔ በሽታ ለያዘው አማኝ።

በጉዞው ላይ ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ወንጌላዊ ማቴዎስ በአማርኛ ይሰብካል፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። አንድ ልማድ ነበረኝ። ስተረጉም ከተሳሳትኩ ቀኝ እጄን አነሳና «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልበለው» እላለሁ፤ ከዚያ አስተካክዬ እናገራለሁ። ማቴዎስ መጀመሪያ ላይ ስብከቴን ይቆርጥብኛል ብሎ ቅር ይለው ነበር። የገጠሩ ሰው ግን ወደደው። እጄ ከፍ ሲል ገና ከወዲያ «ሽማግሌው ተሳሳቱ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። የሰው ቃል አደራ ነው ብዬ አንድም ቀን በግምት አልፌ አላውቅም።

ሳሉ ወር አለፈው። ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስተረጉም መሐሉ ላይ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር።

«ማቴ፣ ዛሬ እንኳን አጠር አጠር አድርግልኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«ጋሽ ደቤ፣ ጳውሎስ ራሱ መቼ አጠር አደረገ» አለኝና ሳቅን።

ከዚያ ላብ መጣ። ተኝቼ ስነቃ አንሶላው ርሶ አገኘዋለሁ። ምግብ አስጠላኝ። ለቀበቶዬ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስበሳ ባለቤቴ ጥሩነሽ አየችኝ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝና ጤና ጣቢያ ሄድን።

አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ግን አይቸኩልም።

«አባባ፣ የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል። መድኃኒቱ የሚወሰደው ስድስት ወር ነው። ሲሻልዎት ሳይሆን ሲጨርሱት ነው የሚድኑት።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ አስጠናኝ። እኔም ደግሜ አልኩለት። የሰው ቃል መድገም መቼም ሥራዬ ነው።

መድኃኒቱ አራት ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። አራቱም ባንድ ኪኒን ውስጥ ተጨምቀዋል። ሽንት እንደ ብርቱካን ጭማቂ ያቀላል፣ አትደንግጡ። በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ የቲቢ ክፍል ነርሷ ሲስተር ሐና እያየችኝ እውጣለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ጸለየችልኝ። ሁለት ወር ሲሞላ አክታዬ ጸዳ። ኪሎ ጨመርኩ። ኪኒኑ ሁለት ዓይነት ብቻ ሆነና የሳምንቱን እየወሰድኩ ቤቴ እንድውጥ ተፈቀደልኝ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

በሦስተኛው ወር ከአዋሽ ማዶ ወዳለች አንዲት መንደር ሄድን። ስሟን አልጽፍም፣ የሰው ሕመም አለበት። የሦስት ቀን ጉዞ ነበር። ኪኒኔን ቤት የተውኩት ኮት ኪስ ውስጥ ረስቼው ሄጃለሁ። በሁለተኛው ቀን ሕዝቡ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ማቴዎስ «ዛሬ ጋሽ ደቤ የራሳቸውን ይናገሩ» ብሎ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ።

ስንት ዓመት የሰው ቃል ስመልስ ኖሬ የራሴን ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሉን ነገርኳቸው። ላቡን፣ የከሳሁትን፣ የተጸለየልኝን። አሜን ባሉ ቁጥር አፌ እየሞቀ ሄደ። ስለ ስድስት ወሩ ግን አልተናገርኩም፤ የታሪኩን ጉልበት የሚቀንስ መሰለኝ። ከዳር በኩል ጋቢ የደረበ ቀጭን ሰው ተነሣና «ኪኒኑንስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ትቼዋለሁ» አልኩ።

እልልታው ቀለጠ።

ሰውየው ስብሰባው ሲበተን ተከተለኝ። ለሚ ይባላል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ገበሬና የልጆች አባት ነው። እሱም የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

«እኔም ልተወው፣ አባባ?» አለኝ።

እጄን ማንሣት ነበረብኝ። ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል፣ ገና ይዘምራሉ። «እንደ እምነትህ ነው» ብዬው መኪና ውስጥ ገባሁ።

ቤቴ ስደርስ ኪኒኑን ከኮቴ ኪስ አወጣሁት። መዳፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ይህን ብውጥ እዚያ የተናገርኩት ውሸት ይሆናል። ባልውጥ እውነት ይሆናል። ይህን ነው ያሰብኩት። በእግዚአብሔር ስም የተናገርኩትን ቃል እውነት ላድርገው ብዬ ኪኒኑን ተውኩት። ለጥሩነሽም አልነገርኳት። ሲስተር ሐና ስትደውል «ገጠር ነኝ» እላታለሁ። አቃቂ ቤቴ ቁጭ ብዬ።

ከሁለት ወር በኋላ ሳሉ ተመለሰ። አሁን አፈርኩ። ተፈወስኩ ያለ ሰው እንዴት ጉባኤ መሐል ያስላል? እሑድ ሲመጣ እግሬን አሞኛል እያልኩ ቀረሁ። አልጋዬን ለይቼ ሳሎን መተኛት ጀመርኩ፣ ሙቀት ነው ብዬ። ጥሩነሽ ታየኛለች።

አንድ ጠዋት አሳለኝ። መሐረቤን አየሁት። ደም ነው። ከኋላዬ ቆማለች። እሷም አይታለች።

«ኪኒኑን እየዋጥክ ነው?» አለችኝ።

መሐረቡን አጣጠፍኩት።

«ደበበ።»

«ትቼዋለሁ። እዚያ መንደር ተናግሬ…»

«እግዚአብሔር ያንተን ውሸት ይፈልገዋል?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ተከተልኳት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተሕዋሲው ሊላመደው ይችላል። ከተላመደው ሕክምናው ይከብዳል፣ ይረዝማል። መላመዱን በሚለየው ማሽን፣ በጂን ኤክስፐርት እናየዋለን። ነገ ይምጡ።»

ጥሩነሽም ተመረመረች። ነጻ ናት። ያን ስሰማ አንድ ድንጋይ ከላዬ ወረደ። ሌላው ቀረ። በማግስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ውጤት ስጠብቅ ስለራሴ አልነበረም የማስበው። ያ ጋቢ የደረበው ሰው ነው። «እኔም ልተወው?» ያለኝ። ትቶት ይሆን? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ኖሬያለሁ። እሱ ልጆች አሉት።

ተጠራሁ። ገባሁ።

«ሪፋምፒሲን ይሠራልዎታል። አልተላመደም። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሲስተር ሐና ሶፍት ሰጠችኝና «ከገጠር እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ» አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

የዚያኑ ቀን ለማቴዎስ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኩት።

«ጋሽ ደቤ፣ ምስክርነቱን ብዙ ሰው ሰምቶታል። አሁን ቢነገር ሰው እንዳይሰናከል…»

«የተሰናከለው ሰው ስም አለው፣ ማቴ» አልኩት። «ለሚ ይባላል።»

ከዚያ «ላጣራ» ብሎ ዘጋ። በማግስቱ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል። ለሚ ኪኒኑን ከተወ ቆይቷል፣ ተኝቷል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጫልቱ ደጋግማ ብትለምነው «የአቃቂው ሽማግሌ ትተው ነው የዳኑት» ብሎ መልሷታል። በስልኳ አገናኘችን። ለመንኩት። ድምፄ ግን በበሽታው ጎርንኖ ነበርና ለሚ «ይህ የሳቸው ድምፅ አይደለም፣ ሰው አቁማችሁብኝ ነው» ብሎ ስልኩን መለሰላት።

መሄድ አለብኝ አልኩ። ሐኪሙ ከለከለኝ። «አሁን ከሄዱ በሽታውን ነው ይዘውላቸው የሚሄዱት። መድኃኒቱ ይሥራ፣ ከዚያ ይሄዳሉ።»

ቆጠርኩ። በየጠዋቱ ሲስተር ሐና ፊት እውጣለሁ፣ «ዛሬስ?» እላታለሁ። «ገና ነው» ትለኛለች። ጫልቱ በየቀኑ ለሚን ታየዋለች። በሕይወት አለ። ብዙ ያስላል። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ፈቀደልኝ። ሲስተር ሐና የመንገዱን ኪኒን አስያዘችኝና «ሰው እያየዎት ካልሆነ እንዳይውጡ» አለችኝ። ማስክ አድርጌ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍተን፣ አቧራውን ሁላችንም ቅመን ሄድን።

ዋርካው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ለሚን ወንድሙ ደግፎ አምጥቶት ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ማቴዎስ አልሰበከም፤ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ ለኔ ሰጠኝ። ቀኝ እጄን አነሣሁ። ገና ምንም ሳልናገር ሰዉ ሳቀ፤ ልማዴን ያውቃሉ።

«ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልበለው» አልኩ። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ኪኒኑን ትቼዋለሁ ያልኳችሁ፣ ቤቴ ረስቼው ነበር። ከዚያ ቃሌን እውነት ለማድረግ ተውኩት። በሽታው ተመለሰብኝ። ደም ተፋሁ። አሁን የማወራችሁ መድኃኒቱን እንደገና ስለጀመርኩ ነው። የተጸለየልኝ ጸሎት አልጠፋም፤ ኪኒኑን ግማሹን ብቻ የዋጥኩ፣ እውነቱንም ግማሹን የደበቅኩ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ማንም አሜን አላለም። ጫልቱ ከኋላ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ኪኒኔን ከኪሴ አወጣሁ።

«ለሚ» አልኩት፣ «ነርሷ ሰው እያየኝ ካልሆነ እንዳልውጥ አዝዛኛለች። አንተ እየኝ።»

ማስኩን ዝቅ አድርጌ ዋጥኩ፤ ውኃ አስከተልኩ። ለሚ ትክ ብሎ አየኝ።

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ኪኒን ለመዋጥ ነው፣ አባባ?»

«አንተ ስትውጥ ለማየትም ነው።»

መሳቅ ጀመረ፣ ሳሉ አቋረጠው። ሳሉ ሲተወው «እሺ» አለ። በማግስቱ በኛው መኪና ጫልቱ ይዛው ወደ ወረዳው ሆስፒታል ሄድን። አክታው ተመረመረ። የሱም ተሕዋሲ መድኃኒቱን አልተላመደም ነበር። ከመጀመሪያው ጀመረ።

ያን ቀን የስልክ ቁጥሩን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጠዋት ታሪክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ባጃጆቹ የሚሰለፉበትን ጥግ አልፌ፣ ድሮ እኔ ራሴ ፈጥኜ የምገባበትን የፋብሪካ በር አልፌ፣ ሠራተኞቹ ወደ ቂሊንጦ የሚሄደውን ሰርቪስ ሲጠብቁ እያየሁ በዝግታ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ እውጣለሁ፣ ከዚያ እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ለሚን እደውላለሁ። «ዋጥክ?» እለዋለሁ። «ዋጥኩ፣ እርስዎስ?» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ስለ ጤፉ ያወራኛል፣ አንዳንድ ቀን ስለ ትንሿ ልጁ፣ አንዳንድ ቀን ከሁለት ቃል አናልፍም። ሽሮ እንደገና ሽሮ ሽሮ የሸተተኝን ቀን አስታውሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ፣ ጥሩነሽም ሳህኑን እያየች ፈገግ አለች። በምስማር የበሳሁትን ቀዳዳ ትቼ ወደ ድሮው ቀዳዳ ስመለስ ደግሞ ለሲስተር ሐና አሳየኋት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። እዚያም እጄን አንሥቼ ያንኑ ተናገርኩ። ከጉባኤው በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብላ እሷም የስኳር መድኃኒቷን ለጾም ጸሎት ብላ ትታ እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን።

ባለውለታዎቼ ብዙ ናቸው። ያልተቆጣኝን ሐኪም፣ ስቀልድባት የማትሰለቸውን ሲስተር ሐናን፣ መንደር ለመንደር በእግሯ የምትዞረውን ጫልቱን፣ ድምፅ ማጉያውን ሁለተኛ ያቀበለኝን ማቴዎስን አመሰግናለሁ። ጥሩነሽን እንዴት እንደማመሰግን እስካሁን አላወቅሁም። እግዚአብሔርንም አመሰግናለሁ፤ ኪኒኑን የሠሩትንም እጆች የሰጠ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንተም ቲቢ የያዘህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ሲሻላችሁ አታቁሙ። የሚያያችሁ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ካቆማችሁም ደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬውኑ ተመልሳችሁ ንገሯቸው። መመስከር ለምትወዱ ደግሞ፣ መድኃኒታችሁን ጨርሳችሁ መስክሩ፣ ኪኒኑንም ጨምራችሁ ተናገሩ።

እኔ ከለሚ ቀድሜ ጨረስኩ። የጨረስኩ ማግስት ጠዋት እንደ ልማዴ ደወልኩለት።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ፣ እርስዎስ?»

«ዋጥኩ» አልኩት፣ አፌ ለምዶ። ወዲያው ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቀኝ እጄን አነሣሁ። «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልበለው። እኔ ትናንት ጨርሻለሁ። ዛሬ የጠጣሁት ውኃ ነው።»

ለሚ እስኪበቃው ሳቀ። ሳሉ አላቋረጠውም።