አማቱ ሲነኩት የሚናገረው ራዲዮ

አባ ጭስ የሚለውን ስም ያወጡለት የመነጽር ቤቱ ባልደረቦቹ ናቸው። ቀን መስተዋት እየሞረደ ለሰው ዓይን ልክ ያወጣል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቤቱ ገብቶ የድሮ ራዲዮ ያጨሳል። ትራንዚስተር ሳይመጣ በፊት የነበሩትን፣ እንደ ትንሽ ቁም ሣጥን የሚከብዱትን፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው የብርጭቆ አምፖል ካልጋለ ትንፍሽ የማይሉትን ራዲዮዎች ማለቴ ነው። ከየጓዳው፣ ከየቆሻሻ ገንዳው ዳር፣ ከሚፈርስ ቤት ይለቅማቸዋል። ጠግኖ ሲሰካቸው ከድምፅ ቀድሞ የሚወጣው ጭስ ነው። እሱ ጭሱን አሽትቶ የተቃጠለውን ዕቃ በስሙ ይጠራል፤ ሚስቱ መስኮት ትከፍታለች።

አንድ ቀን ሚስቱ ምግብ ለማቅረብ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አጥታ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

"እንዲህ ከቀጠልክ እኔንም ትፈታኛለህ" አለችው።

"ምን አጥፍተሽ?"

"በብሎን መፍቻ ነው የምልህ።"

ከሁሉም የከበደውን ራዲዮ ያመጣው ከፈረሰ ሆቴል ነው። ሦስት ሰው ተሸክሞ አስገባለት። ውስጡ አይጥ ወልዳ አሳድጋ ሄዳለች፤ የፊቱ ጨርቅ በስብሷል፤ እንጨቱ ግን ሲወለወል ፊት ያሳያል። አባ ጭስን ወራት ፈጀበት። ሽቦውን ቀየረ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ፈተነ፣ ጨርቁን ከሚስቱ አሮጌ ቀሚስ ቆርጦ ለጠፈ፤ ለዚህኛው ፈቃድ አልጠየቀም። ሲሰካው መብራቱ ቦግ አለ። ጭስ የለም። ድምፅም የለም። ቢነካካው፣ ቢገለብጠው፣ ቢለምነው ዝም።

በዚያው ሰሞን አማቱ ዳሌያቸውን ታመው ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው ነበር። አማቱ የታወቁ አዋላጅ ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም አነጋገራቸው ዛሬም ሴት እንደሚያስምጡ ነው። አማቻቸውን አይጠሉትም፤ ግን ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ማየት ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ባለበት ክፍል ሲያልፉ ወደ ግድግዳው ያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ሲመጡ ደከማቸውና ራዲዮው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ። ወዲያው አንድ ወንድ በማይታወቅ ቋንቋ ጮኸ። አማቱ እጃቸውን ሲያነሱ ሰውየው ጸጥ አለ።

"ማነው እሱ?" አሉ።

"እማማ፣ በሞቴ እጅዎን ይመልሱት!"

"የማላውቀው ወንድ ላይ?"

መለሱት። ሰውየው ካቆመበት ቀጠለ።

አባ ጭስ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ሽቦ እንዳለ፣ የሰው ገላም ያን ክፍተት እንደሞላው ገባው። እንግዲያው ማንም ቢነካው መሥራት ነበረበት። ሚስቱን አስነካት፤ ዝም። ጎረቤቱን የታክሲ ሹፌር ጠራው፤ ዝም። ፖስተኛው ደብዳቤ ሊያደርስ መጥቶ ሁለት እጁን ጭኖ ቆመ፤ ዝም። የጎማ ጓንት እርጥብ አሸዋ ሞልቶ የአማቱን እጅ አስመስሎ አስቀመጠበት። እንጨቱን አቆሸሸው እንጂ ምንም አላመጣም።

"አትድከም" አሉት አማቱ። "ግማሹ ሰፈር በዚህ እጅ ነው የወጣው። ይኼም ሲያምጥ ነው የከረመው።"

ከዚያ ወዲያ አባ ጭስ እንደ ባለሥልጣን ሊለምናቸው ግድ ሆነ። ባለ ትራስ ወንበር ይቅረብልኝ አሉ፤ ቀረበ። ኳስ አልሰማም አሉ፤ ቀረ። በደንብ የሚገባው ጣቢያ ያው አንዱ የባዕድ ቋንቋ ብቻ ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወራሉ፣ አልፎ አልፎ የሆነ ነገር ጓ ይላል።

"ተጣልተዋል" አሉ አማቱ በመጀመሪያው ቀን።

"ቋንቋውን ያውቁታል እንዴ?"

"ሲጣሉ አይሰማህም?"

በማግስቱ ሴትየዋ የመርከብ ካፒቴን ሚስት ሆነች። በሦስተኛው ቀን ወንድየው ወንድሟ መሆኑ ታወቀ፤ ካፒቴኑ ባሕር ላይ ሳለ ቤታቸውን ሸጦታል፣ ጓ የሚለውም በሩን ወርውሮ ሲዘጋባት ነው። አባ ጭስ መጀመሪያ እንዳያስቀይማቸው ብሎ ነበር የሚሰማው። በሳምንቱ ግን ከሥራ እየቸኮለ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ስለ ካፒቴኑ ሲያስብ የቀኙን መስተዋት ለግራ ዓይን ገጥሞ፣ ደንበኛው ከመነጽር ቤቱ ወጥቶ ቀጥታ አጥር ውስጥ ገባ። ሚስቱ የሚተኮሰውን ልብስ ይዛ እዚያው ክፍል ገባች። የታክሲ ሹፌሩ በርጩማ ይዞ መጣ፣ ተከትሎም ሚስቱ መጣች። የተበጠሰውን ሽቦ ፍለጋ በየቀኑ የነበረው በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ቆይቶ ጭራሽ ተረሳ።

ነገሩን ሊያበላሽ የደረሰው የአባ ጭስ ሚስት ቅንነት ነው። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ አዲስ የመጣው የሒሳብ መምህር የራዲዮው መርፌ በሚያመለክተው አገር ተምሮ እንደነበር ሰምታ ደስ ይለዋል ብላ ጋበዘችው። መምህሩ ወንበር ተሰጥቶት አዳመጠ። ግንባሩን ቋጠረ።

"ይኼ እኮ ስለ ንብ እርባታ ነው" አለ። "ሴትየዋ ትጠይቃለች፣ ባለሙያው ይመልሳል።"

የክፍሉ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ለካ አባ ጭስ ካፒቴኑን ከልቡ ወዶታል።

"ጓ የሚለው በርስ?" አለ በቀጭን ድምፅ።

"የቀፎ ክዳን ነው።"

አማቱ እጃቸውን አላነሱም። "ልጄ፣ የተማርከው በየት በኩል ነው?"

"በደቡቡ በኩል፣ እማማ።"

"እኔም ብያለሁ። ይኼ የሰሜኑ ነው።"

መምህሩ ሊመልስ ሲል ጆሮውን ወደ ራዲዮው አቀና። "አሁን አሮጊቷ ንግሥት ሞታለች፣ ልጆቿ ተረብሸዋል ነው የሚለው።"

"የካፒቴኑ እናት ናት" አሉ አማቱ። "ትናንት ታማለች አላልኩም?"

"ኧረ ብለዋል!" አለች የሹፌሩ ሚስት። "ስታቃስት ሁሉ ሰምተናል!"

መምህሩ ስለ ንብ ንግሥት ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አባ ጭስ ራሱ "እሽሽ!" አለው። ሌላው ሰው ለእናትየው እያዘነ ነበር።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ነው፤ በርጩማ ይዟል። "በመንገዴ ላይ ነበርኩ" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሹፌሩን፣ "ካፒቴኑ መርዶውን ሰማ?" ብሎ ጠየቀው።

እንዲህ ሲሆን ከርሞ አንድ ቀን ጣቢያው ጠፋ። አማቱ እጃቸውን ቢያሳርፉ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። አባ ጭስ ቁልፉን ወዲያና ወዲህ አዞረው፤ ያው ሽሽሽ ነው።

"ተዘግቷል መሰለኝ" አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

"አትረብሹኝ" አሉ አማቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ባሕር ላይ ናቸው። ካፒቴኑ እናቱን ሊቀብር እየመጣ ነው።"

ሰው ሁሉ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። እውነትም ባሕር ይመስል ነበር፤ የሹፌሩ ሚስት ነጠላዋን ተከናነበች፣ ነፋሱ በረታ ብላ። ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ። ከሥራ መልስ ተሰብስበው ያንኑ ሽሽሽ ይሰማሉ፤ አማቱም ማዕበል ሲነሳ ይነግሯቸዋል፣ ረገብ ሲልም ይነግሯቸዋል። በቀደም አባ ጭስ ትዕግሥቱ አልቆ፣ "እማማ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የሚደርሱት?" አላቸው።

"መርከብ እኮ ነው" አሉት ቆጣ ብለው። "አውቶቡስ መሰለህ?"