ነብሮ ምን በላ? ከወሰን እስከ ቀበና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11:45 — ወሰን

ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ ውሻዬ ነብሮና ጎረቤቴ ጋሽ በዛብህ። ጋሽ በዛብህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንጦጦ ላይ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋራዦቹ ገና አልተከፈቱም፤ መንገዱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አንድ የሚኒባስ ረዳት "መገናኛ" ብሎ ጠራንና ነብሮን ሲያይ በሩን ዘጋው። ድሮም ያሰብነው በእግር ነበር።

ነብሮ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ይቀምሳል። ባለፈው ወር የሠፈራችን አንድ ውሻ ከሽርሽር ተመልሶ ሲያስመልሰው ውሎ ሞተ። ምን እንደበላ ያወቀ የለም። እኔ ግን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄድበትን መንገድ ሙሉውን ተጉዤ፣ የበቀለውን አንድ በአንድ ጋሽ በዛብህን ጠይቄ ልጽፍ ቆረጥኩ።

1:20 — የካ ሚካኤል

ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ውሻ ይዘናልና ከአጥሩ ራቅ ብለን ዞርን። ነብሮ ሰርዶ መጋጥ ጀመረ። ጋሽ በዛብህ ሰርዶ እንደማይጎዳው፣ መድኃኒት የተረጨበት ከሆነ ግን ማራቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ሳማ አፉን ይለበልበዋል እንጂ አይገድለውም። ቢጫዋን የእምቧይ ፍሬ ሲያሸት ግን ገመዱን ሳብ አደረጉት።

2:40 — ጋራው ላይ

ጽድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፤ ከታች ከተማው ጭጋግ ውስጥ ነው። እንጆሪ አገኘን። ነብሮ ከታችኛው ቅርንጫፍ፣ ጋሽ በዛብህ ከላይኛው እየለቀሙ በሉ። ቀጋንም ሰው ይበላዋል፤ ለውሻ ግን እርግጠኛ አልነበሩም። ስለ ባሕር ዛፍ ቅጠል ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡ።

"እኔ የማውቀው ለሰውና ለከብት የሚሆነውን ነው" አሉኝ። "የውሻውን ሐኪም ጠይቂ። በግምት አልነግርሽም።"

ባልተረጋገጡት ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

4:10 — ቀበና፣ ወንዙ ዳር

ለነብሮ ገመዱን ፈትቼለት ነበር። ጋሽ በዛብህ እንዶድ እያሳዩኝ፣ ድሮ ልብስ እንዴት ይታጠብበት እንደነበር ይተርካሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከኋላችን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ነብሮ ያኝካል። ከእግሩ ሥር እሾሃማ ልባስና ዝንጉርጉር ፍሬ ተበትኗል።

"ጉሎ ነው፤ ፍሬው ከብት ይገድላል" አሉ ጋሽ በዛብህ። ድምፃቸው ወረደ።

እጄን ጉሮሮው ድረስ ሰድጄ ሁለት የተሰበሩ ፍሬዎች አወጣሁ። ስንት እንደዋጠ አላውቅም። ልብስ የምታጥብ ሴት ወተት ስጪው አለችኝ፤ ሌላዋ ጨው በጥብጪለት አለች። እኔ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ደወልኩ። ሐኪሟ ምንም እንዳልሰጠው፣ ፍሬውንም ይዤ አሁኑኑ እንድመጣ ነገረችኝ።

ነብሮን እንዳይራመድ ተሸክሜው ዳገቱን ወጣሁ። እንደ ጤፍ ከረጢት ይከብዳል። ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ወደቅኩ፤ አላስቀመጥኩትም። ጋሽ በዛብህ ቀድመው አስፋልቱ ላይ መኪና ያስቆማሉ። ሁለት ታክሲዎች ውሻውን አይተው ሄዱ። ሦስተኛው ሹፌር ወንበሬን ያበላሽብኛል አለ። ጋሽ በዛብህ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አነጠፉት።

"ካበላሸ እኔ አጥባለሁ" አሉት። "አሁን ንዳ፣ ልጄ።"

ነዳ።

5:00 — ክሊኒኩ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን ነው። መርፌ ወጋችው፣ አስመለሰው። ከወጣው ውስጥ የደቀቀ ጉሎ ለየች። ከዚያ ከሰል የሚመስል ጥቁር መድኃኒት አጠጣችውና ግሉኮስ ተከለችለት።

"ሳያኝክ ቢውጠው ኖሮ አደጋው ይቀንስ ነበር" አለችኝ። "አሁን ደህና መስሎ ቢታይሽ እንዳትዘናጊ። ሕመሙ ዘግይቶም ይመጣል።"

ግሉኮሱ እስኪያልቅ ዝርዝሬን አሳየኋት። እምቧይ፣ እንዶድና ጉሎ በፍጹም አለች። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ሆዱን ያውካል። እንጆሪ ጥቂት ቢቀምስ ምንም አይደል። የቀጋ ሥጋው አይጎዳም፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ግን ጉሮሮ ይቧጥጣል።

ጋሽ በዛብህን በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

"እኔ ተረት ሳወራ ነው የበላው" አሉ።

ገመዱን የፈታሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት — ወሰን

ቅዳሜ አመሻሽ ወደ ቤት ተመለስን። እሑድ ነብሮ ጥግ ይዞ ተኛ፤ ውሃ ብቻ ጠጣ። በየሰዓቱ ድዱ ገርጥቶ እንደሆነ አየሁ፤ ሐኪሟ እንዳለችኝ እየደወልኩ ነገርኳት። ዛሬ ማለዳ ከሩዝ ጋር የተቀቀለ ዶሮ አቀረብኩለት። አሸተተው፣ ተወው፣ ተመለሰና ሳህኑን ላሰው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ በዛብህ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። አንኳኩተው አይደለም፤ ነብሮ ወደ በሩ ሮጦ ሲሄድ ነው መምጣታቸውን ያወቅኩት። ስለ ጤናው አልጠየቁም፤ ጭራው ሲወዛወዝ አይተዋል። ስለ መጪው ቅዳሜ ጠየቁኝ። እንሄዳለን አልኳቸው፣ በዚያው መንገድ።

የነብሮን ገመድ አወጣሁ፤ ከእጄ ተቀበሉኝ። እጃቸው ላይ ሁለት ዙር ጠቅልለው አሳጠሩት።

"እንዲህ አድርገን" አሉ።