የሃላሌ መንገድ በአንዲት ክፍል ውስጥ

ቅቤ ነጋዴዋ ሴትዮ ማክሰኞና ዓርብ ሶዶ ለሕክምና ይመጣሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሩት ለተሸረሸረው ጉልበታቸው ያዘዘችላቸው፣ አዲስ በገባችው የምትንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ሸብረክ ብሎ መቆም ነው። ሌላው በሽተኛ ማሽኗን ይፈራታል። እሳቸው ግን ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ አይሱዙ ላይ እንደሚሳፈር ሰው ይወጡባታል።

"ይቺማ የሃላሌን መንገድ ታውቀዋለች" አሉ በመጀመሪያው ቀን። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅቤ ሊገዙ ወደ ሃላሌ ገበያ በዚያ ኮረኮንች መንገድ፣ አይሱዙ ጭነት ላይ ቆመው ተመላልሰዋል። "ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመድኃኒት አዘዝሽልኝ።"

ሩት እየሳቀች "መደገፊያ ብረቱን ይያዙ እንጂ፣ እማማ" ትላቸዋለች። ማሽኗ ስትነሳ ዐይናቸውን ጨፍነው "አሁን ቁልቁለቱን ጀመርን፤ አሁን ወንዙን ተሻገርን" እያሉ ይጓዛሉ። ተራ የሚጠብቀውም ሕመሙን ረስቶ አብሯቸው ይጓዛል።

ዛሬ ብረቱን ሳይነኩ ዘለቁት። ሩት ደስ ብሏት፣ "እንዲህ ከሆነማ ለመስቀል ያለ ደጋፊ መኪና ላይ ይወጣሉ" አለቻቸው። "ግን ሃላሌ ማን አለዎት?"

"ማን ይኖረኛል፣ ልጄ? ቅቤ ነው እንጂ።"

ማሽኗ ቆመች። ሴትዮዋ ግን እንደ ሁልጊዜው ቶሎ አልወረዱም። መጀመሪያ፣ ሃላሌ እንደደረሰ ሰው፣ በመስኮቱ መስታወት እያዩ ሻሻቸውን ፈትተው፣ እንደገና አሳምረው አሰሩ።