ባህር ዛፉ የወደቀ ዕለት

ጭሮ አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል፣ በሽቦ የታጠረች ትንሽ መናፈሻ አለች። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁት፣ ጫት ነጋዴዎች ከገለምሶ የሚመጣውን መኪና የሚጠብቁት እዚያ ነው። አባቴም ግማሽ ጎኑን ከያዘው ሕመም በኋላ ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ ስላዘዘው፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት መልስ ደግፌ ወደዚያው እወስደው ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መንገድ ለማስፋት ተብሎ ከአጥሩ ውጪ ቦይ ተቆፈረ። የቁፋሮው መኪና የትልቁን ባህር ዛፍ ሥር በአንድ በኩል በጣጥሶት ሄደ። የተቆረጠው ሥር ከአፈሩ ወጥቶ ሳየው ፈራሁ። የአባቴ ወንበር ከዚያ ዛፍ ግርጌ ነው።

«አባዬ፣ እዚያ ማዶ እንቀመጥ» አልኩት።

«እዚያ ጥላ የለም» አለኝ። ከታመመ ወዲህ ቃላቱን እየጎተተ ነው የሚናገረው።

ዛፉ እንዳይወድቅ መፍራቴን ለመናፈሻው ጥበቃ ነገርኩት። ቀና ብሎ ዛፉን አየና «ይሄ እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው፣ አይዞሽ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እፎይ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። አባቴ ከሰው ጋር ሲጫወት እኔ አንጋጥጬ የዛፉን ጫፍ አያለሁ። ትንሽ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ።

አንድ ቀን ሰማዩ በጋራው በኩል ጠቆረ።

«አባዬ፣ ተነስ እንሂድ፤ ዝናብ መጣ።»

«መጀመሪያ ሻይ አምጪልኝ።»

ብለምነውም እምቢ አለ። በመናፈሻው በር አጠገብ ሻይ ወደሚሸጡት፣ ሁላችንም አዴ ወደምንላቸው እናት ሮጥኩ። ሻዩን እየቀዱልኝ ሳለ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ዓይናችንን ጋረደን። ከዚያ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ስደርስ ወንበሩ የለም። ያለው ቅጠልና የተሰባበረ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

«አባዬ! አባዬ!»

የሚመልስልኝ የለም። የባጃጅ ሾፌሮች እየሮጡ መጡ። አንዱ በሆዱ ተኝቶ ወደ ቅጠሉ ውስጥ «ናምኒ ጂራ? ሰው አለ?» እያለ ይጣራል።

«አባቴ አለ! አባቴ ከሥሩ ነው!»

ቅርንጫፉን ተጋግዘው ማንሳት ጀመሩ። አንደኛው ጎትቶ ያወጣው የአባቴን ከዘራ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ቅርንጫፉ ውስጥ ልገባ ተወረወርኩ። አዴ ከኋላ አቅፈው ያዙኝና «ዱዓ አድርጊ ልጄ፣ ዱዓ አድርጊ» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምቀራው የቁርአን መክፈቻ፣ ፋቲሃ፣ ከአፌ ጠፋ። አባቴ አረንጓዴ ሽርጥ ነበር የለበሰው፤ የማየው ቅጠል ሁሉ እሱን መሰለኝ። ዝናቡ ወረደ።

«ምን ወደቀ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን ተሰማ።

ዞር ስል አባቴ በመናፈሻው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሽንት ቤት አጠገብ፣ በደህና እጁ የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ቆሟል። በዝናብ ርሷል። አዴ «አልሀምዱሊላህ!» ብለው ጮሁ። እኔ ሄጄ ፊቱን በሁለት እጄ ዳሰስኩት።

በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ሽንቱ ይዞት ነበር። ሻይ ያለኝም እኔን ለማራቅ ነው። ሽቦውን የሚይዝበት እጅ ስለፈለገ ከዘራውን ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጄ አይደለሽም እንዴ? እንዴት ብዬ?» አለና አለቀሰ። ቤት ስንገባ ደረቅ ሽርጥ አወጣሁለት።

ዛፉን በመጋዝ ቆራርጠው ወሰዱት። ከቤት አትወጣም ብዬ ያዝኩት፤ እሱ ግን የአስር ሶላት በደረሰ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንጀቴ አልቻለምና እንደገና ወሰድኩት። አሁን የምንቀመጠው ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው። አንድ የመስጊድ ጓደኛው እየመጣ ሽንት ቤት ይወስደዋል፤ እኔም አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ።

በቦዩ ዳር ያሉት ሌሎቹ ዛፎች ግን እንደቆሙ ናቸው። ነፋስ ሲነሳ የአባቴን እጅ ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። መፍራቴን ያውቃል፤ እጁን ይሰጠኛል።