ጋሽ ወንድሙና የማጀቴው መስመር

ጋሽ ወንድሙ እምቢ ማለት አያውቁም ነበር። ይህን የምለው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ አብግነውኛል። በእኛ ዩኒየን የነበርነው የኔትወርክ ባለሙያዎች እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እሳቸው በይሉኝታ የተሸከሙትን ሥራ ግማሹን የምጎትተው እኔ ነበርኩ።

ዩኒየናችን የይፋት ገበሬዎች ማኅበራት ያቋቋሙት ነው። ማሾና ሽንኩርት ይገዛል፣ ማዳበሪያ ያቀርባል። ዋናው ቢሮ ሸዋ ሮቢት ሲሆን በአጣዬ፣ በማጀቴና በሌሎች ከተሞችም መጋዘኖች አሉት። እነዚህን ሁሉ በኔትወርክ ያገናኙት ጋሽ ወንድሙ ናቸው። በወጣትነታቸው የስልክ እንጨት እየወጡ መስመር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው ከልጆች ጋር ክፍል ቁጭ ብለው ኮምፒውተር የተማሩት። ዕውቀት ስለተጠሙ ነው ብዬ ባወራላቸው ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን የማሠልጠኛው ኃላፊ ጎረቤታቸው ነው፤ «ተማሪ ጎድሎብኛል፣ ይመዝገቡልኝ» ሲላቸው እምቢ ማለት አቃታቸው።

ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየመጋዘኑ ራውተር የሚባል ሳጥን አለ። የትኛው መረጃ ይለፍ፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይከልከል የሚለውን እያንዳንዱ ሳጥን ለብቻው ይወስናል፤ አንዱ ሌላው ምን እንደተነገረው አያውቅም። አንድ ነገር ለመለወጥ ሁሉንም ሳጥን በየተራ ማናገር ግድ ነው። ከቢሮ ሆኖ በርቀት መግባት ቢቻልም፣ ጋሽ ወንድሙ ሰው ካላዩ ሥራ የሠሩ አይመስላቸውም። ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ።

በሄዱበት ሁሉ ታዲያ አንድ ሰው ጥግ ይዞ ይጠብቃቸዋል። የአጣዬው መጋዘን ኃላፊ የእንግሊዝ ኳስ ማየት ያምረዋል። የአንዱ ቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛ ፌስቡክ ተዘግቶባታል። ጋሽ ወንድሙ አንገታቸውን ያካሉ፣ «እስቲ ይሁን» ይላሉ፣ ከዚያም ሳጥኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታሉ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኔትወርክ መሆኑ ቀርቶ ወንፊት ሆነ» ስላቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር። መስመሩ ተንቀራፈፈ ተብሎ ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነዋ!

ከቀዳዳዎቹ መካከል አንዱ ግን ለብቻው ነው። የማጀቴው መጋዘን ዘበኛ አሊዪ፣ መሊካ የምትባል ልጁ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ እንድትነካ የሚፈቅዱላት አርብ፣ ጁምዓ ሰግደው ምሳ ከበሉ በኋላ ጋደም ሲሉ ብቻ ነው። ጊዜው ደግሞ 2009 ዓ.ም. ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት አንዴ ሲጠፋ አንዴ ሲመጣ የከረመበት ዓመት። ቢመጣም ማጀቴ ላይ ምስል መሸከም አይችልም። ጋሽ ወንድሙ ይህን ሲሰሙ ማንም ሳይለምናቸው፣ አርብ በዚያች ሰዓት ለአሊዪ ስልክ መስመር ከፈቱለት። በቆላው የሥራ ሰዓት ቢሮ በሙቀቱ ምክንያት ከምሳ እስከ ዘጠኝ ዝግ ስለሆነ የሚስተጓጎል ነገር አልነበረም። አሊዪ መጋዘኑ ደጃፍ ጥላ ላይ ይቀመጥና በኢሞ የልጁን ፊት ያያል። ከሄደች ወዲህ ያያት በዚያ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሐይማኖት አዲስ አሠራር እናስገባለን አሉ። ከአዲስ አበባ ሮቤል የሚባል ኢንጂነር መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሙቀቱ እያንገበገበው እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

«ከእንግዲህ ሳጥኖቹ አያስቡም» አለን። «ሥራቸው መሸከም ብቻ ይሆናል። የሚያስብላቸው አንድ ሶፍትዌር ነው፣ እሱም እዚሁ ዋናው ቢሮ ይቀመጣል። እዚህ አንድ ጊዜ ያዘዛችሁት በሁሉም ከተማ ባንዴ ይፈጸማል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሁሉ ወደዚህ እየሄዱ ነው።»

እኔ ወደድኩት። እያንዳንዱ ሹፌር እንደፈለገ በሚወጣበት መናኸሪያ አንድ ተራ አስከባሪ ሲሾም ማለት ነው። ጋሽ ወንድሙም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ሮቤል የድሮዎቹን ሳጥኖች ትእዛዝ ሰብስቦ ወደ አዲሱ ሲያስገባ ነው። ስንት ዓመት በየከተማው ተበትነው የኖሩት ቀዳዳዎች አንድ ስክሪን ላይ ተደርድረው ወጡ። ወይዘሮ ሐይማኖት ከኋላችን ቆመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኳስ ነው» አሉ ጋሽ ወንድሙ ቀና ሳይሉ። «ይዘጋ።»

«ይሄኛውስ?»

«ፌስቡክ። እሱም ይዘጋ።»

እንዲህ እያሉ የሰጡትን ሁሉ በገዛ አፋቸው አዘጉት። አሳዘኑኝ። ከዚያ ማጀቴ ላይ ተደረሰ።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ይሄስ?»

«ይሄ አይዘጋም።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የአሊዪን ነገር ከመነሻው ነገሯቸው። «የዩኒየኑን መስመር ለግል ጉዳይ ያዋልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅጡኝ። እሱን ግን አይንኩብኝ። ልጁን የሚያይበት ሌላ መንገድ የለውም።»

ወይዘሮ ሐይማኖት ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። እኔማ የጋሽ ወንድሙ ነገር አበቃ ብዬ ነበር። «ለአንድ ዘበኛ ተብሎ ሕግ አይወጣም» አሉ። «ሌሎቹስ ልጅ የላቸውም? ሮቤል፣ አርብ ያቺን ሰዓት ለሁሉም መጋዘን መክፈት ይቻላል?»

«አንድ ትእዛዝ ነው» አለ ሮቤል።

እንዲህ ሆኖ ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ለሁሉም ተፈቀደ። ጋሽ ወንድሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸውና ሽልማት የተቀበሉ ያህል ፈገግ ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሳጥን መንካት አልተፈቀደላቸውም። ሶፍትዌሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ፤ አንዲት ነገር ለመለወጥ ምክንያቱን ጽፌ የወይዘሮ ሐይማኖትን ፈቃድ ማግኘት አለብኝ።

በመጀመሪያው አርብ ጋሽ ወንድሙ «እንዲያው ልየው» ብለው ማጀቴ ሄዱ። እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ፣ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ መጋዘኑ ግቢ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የዋይፋዩን ኮድ ለሕዝቡ ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ግን እምቢ ማለት የማይችለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

መስመሩ ቀጭን ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲደውል የማንም ፊት አልመጣ አለ፤ ያየም አፉን ከፍቶ ደርቆ የቀረ ምስል ነው ያየው። በዚህ ጊዜ አሊዪ ተነሥቶ «በተራ! በተራ እናድርገው!» አለ። ጥላው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አነጠፈ፣ እናቶችን አስቀደመ። ከዲጃ የምትባል ሴት ልጇ የመን ከተሻገረ ወዲህ ፊቱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ ተይ እዪው እንጂ እያሉ አስለቀቋት። ጋሽ ወንድሙ አሊዪን «አንተስ?» ቢሉት፣ «እኔ የቤቱ ሰው ነኝ፣ እደርሳለሁ» አላቸው። የመጨረሻው ተራ የእሱ ሆነ። ስልኩን አውጥቶ ሊደውል ሲል ስምንት ተኩል ሞላ፤ ሶፍትዌሩ እንደታዘዘው በሁሉም ከተማ ዘጋ።

ድሮ ቢሆን ጋሽ ወንድሙ ላፕቶፓቸውን ይከፍቱ ነበር። አሁን ያ ሳጥን አይሰማቸውም። ደወሉልኝ።

«እመቤት።»

«አቤት ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ።»

ሰው ሁሉ ሲለምናቸው ኖረ እንጂ እሳቸው ሲለምኑ አላየሁም። አሊዪ ተራው ሳይደርስ መዘጋቱን ነገሩኝ። «ልጅቷ እየጠበቀች ነው። አሠሪዎቿ ከተነሡ እስከ ሌላ አርብ የለም።»

በሌላው ስልክ ወይዘሮ ሐይማኖት ጋ ደወልኩ። አያነሱም። ደገምኩ፤ አያነሱም። ተናደድኩ። በወይዘሮ ሐይማኖት ይሁን፣ በአሊዪ ደግነት ይሁን፣ ወይስ በዚያ ሰዓት አክባሪ ሶፍትዌር፣ እኔም አላውቅም።

«በእኔ ስም ክፈቺው» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «እኔ እንደሆነ ማስጠንቀቂያውን ለምጄዋለሁ።»

«የሚመዘግበው የእኔን ስም ነው ጋሼ። ይሄ ነገር ይሉኝታ አያውቅም።»

ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «አሊዪ ልጁን አላያትም» ብዬ ጻፍኩና ያለ ፈቃድ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ። ሰኞ ወይዘሮ ሐይማኖት ተቆጡኝ፤ አላባረሩኝም። ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም። መስመሩ በሁሉም ከተማ ተከፈተ።

ጋሽ ወንድሙ ስልካቸውን አልዘጉትም ነበር። የግቢው ጫጫታ ይሰማኛል። ከዚያ የሴት ልጅ ድምፅ ከሩቅ ተቆራርጦ መጣ።

«አባ! ምነው ዛሬ ቆየህ? ሊነሡብኝ ነው እኮ።»

«እንግዳ በዝቶብኝ ነው ልጄ» አለ አሊዪ። «እስቲ ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ፣ ልይሽ።»