ኦሪን ታትሮ የበሳው ሳህን

ኦሪን ታትሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት በየበረዶው ወራት የከተማውን መንገድ በመጥረጊያ መኪና ሲያጸዳ የማንንም አጥር ገጭቶ አያውቅም። ይህን እሱ ራሱ አያወራም፤ ሌላ ሰው ሲያወራለት ግን ከአጠገቡ ቶሎ አይነሣም። ጡረታ ሲወጣ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከጨረታ ላይ አሮጌ ቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን፣ ገዛ፤ በጎተራው ጥግ ተከለው፤ ማንንም ሳይጠይቅ፣ እያበላሸና ጣቱን እያቆሰለ ጎድጓዳ የእንጨት ሳህን መሥራት ተማረ። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ በሰሜን ቬርሞንት ሸለቆ የኦሪን ሳህን የሌለበት ማዕድ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «እንጨቱ» ይላል። መልሱን ይወደው ነበር።

ቬርና ኮርሊስ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ጎረቤቱ ናት። ባሏ ሆሊስ በሕይወት ሳለ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት በቆመው ትልቅ የሜፕል ዛፍ የተነሣ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። እሷ «ውስጡ በስብሷል፤ አንድ ቀን ነፋስ ጣራችን ላይ ይጥለዋል» ትላለች። እሱ በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ግንዱን በስቶ፣ ትንሽ ቧንቧ ሰክቶ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ ሲፈላ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሆነውን የዛፉን ውሃ ይቀዳል፤ «ይህ ዛፍ ከእኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው» ይላል። ሆሊስ ሞተ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ቬርና ዛፉን አስቆረጠችው። ሦስቱም ሴቶች ልጆቿ አኮረፏት። ታላቂቱ ማርሲማ «አባባን ሁለተኛ ቀበርሽው» ብላ ስልኩን ዘጋችባት።

ቬርና የግንዱን ወፍራም ጉማጅ ለኦሪን ሰጠችው።

«ሦስት ሳህን አውጣልኝ» አለችው። «ከአንድ እንጨት፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ። መጋቢት ላይ ሽሮፕ በበረዶ ልንበላ ሲሰበሰቡ ለሦስቱም እሰጣቸዋለሁ። ያኔ እንኳ ቢያናግሩኝ።»

«እሺ» አለ ኦሪን። እሱ እሺ ካለ አለቀ ማለት ነው።

ሳህን ሲቦረቦር ሆዱ ሁሉ ፍቅፋቂ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ከአንድ ጉማጅ ሦስት ለማውጣት ግን፣ እንደ ማጭድ ጎብጦ ከሥር የሚዞርና የውስጡን እንጨት እንዳለ ፈልቅቆ የሚያወጣ ቢላዋ ያስፈልጋል። ኦሪን እንዲህ ያለ ቢላዋ አልነበረውም። የቅርብ መንደር ሰው ከሆነው ከሉሲየን ጀርቬ ጋር ወደ መሣሪያ መደብር ሄዱ። ሉሲየን በቶርኖ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቷል።

መደብሩ ሁለት ዓይነት ነበረው፤ ትንሽና ትልቅ።

«ትንሹን ውሰድ» አለ ሉሲየን። «ያንተ ጉማጅ ጥልቀቱ ስድስት ኢንች ነው። የትልቁ ጉብጠት ጠልቆ ይሄድብሃል። ቢላዋውን የሚሸከመው እግርም ላንተ ማሽን ረጅም ነው።»

«ትንሹማ የቡና ስኒ ማውጫ ነው።»

«ኧረ ተው! ማሽንህን ነው የምትለካው ወይስ ራስህን?»

ሻጩ ሳቀ። የሻጩ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። ኦሪን ትልቁን አንሥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው።

ሲመለሱ ሉሲየን በመኪና ውስጥ፣ «ስትገጥመው ልምጣና አብረን እንየው» አለው።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ስነዳ ማንም አጠገቤ ተቀምጦ ግራ፣ ቀኝ ብሎኝ አያውቅም።»

«መንገዱን ታውቀው ነበራ፣ ወዳጄ!»

መግጠሙ ሦስት ቀን ፈጀ። የቢላዋው ጫፍ ከቶርኖው መሽከርከሪያ እምብርት ጋር እኩል ካልሆነ እንጨቱን ይነክሳል እንጂ አይቆርጥም። እግሩ ሉሲየን እንዳለው ረጅም ነበር። ኦሪን ቆረጠው፤ አብዝቶ ቆረጠው። ከሥሩ ሮንዴላ የሚባለውን ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት እየደረበ መልሶ ከፍ አደረገው፤ ቡሎኑን አጠበቀ፤ ጫፉ በእምብርቱ ልክ ሲውል ብቻውን ቆሞ ፈገግ አለ።

የሙያው ልማድ ከትንሹ ሳህን መጀመር ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቢላዋውን ከእንጨቱ ጎን በባዶ አዙሮ፣ መንገዱ የት ድረስ እንደሚጠልቅ በእርሳስ ማስመር። ኦሪን ለመጀመሪያው ሳህን አሰመረ። ቢላዋው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ፤ ትንሿ ሳህን ከእርጥቡ እንጨት ተላቃ እጁ ላይ ወደቀች። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ እንከን የሌለባት። ከአንድ ወገኗ የሆሊስ ቧንቧ ያለፈበት አሮጌ ቀዳዳ ጥቁር ጥላ ጥሎባት ነበር፤ እሱም ውበት ሆኗታል።

ይህን ባያይ ይሻለው ነበር። ለሁለተኛው አላሰመረም። ጥልቀቱን ከአፉ እስከ ቶርኖው መንጋጋ በሜትር ለካና ይበቃል አለ። መንጋጋው ነክሶ የያዘው የሳህኑ እግር፣ በኋላ ተልጦ የሚጣለው፣ በልኩ ውስጥ መግባቱን አላሰበም። እሱ የሳህኑ ወለል ነው ያለው እንጨት ወለል አልነበረም።

ድምፁ ተለወጠ። እንጨት ሲሳሳ ድምፁ ይቀጥናል፤ ይህን ያውቃል። እጁ ግን ሞተሩን ለማጥፋት ዘገየ። ሁለተኛው ሳህን ተስፈንጥሮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰነጠቀ። ትልቁ በማሽኑ ላይ ቀረ፤ በወለሉ መካከል ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶበታል።

ኦሪን ሞተሩን አጠፋ። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን መስኮት እንደ ሰበረ ልጅ ጋለ። መጀመሪያ ያደረገው የጎተራውን በር መዝጋት ነው፤ ማንም ሳይኖር።

በማግሥቱ ጠዋት ቬርና ራሷ የጠበሰችውን ዶናት ይዛ መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሦስቱንም አንድ ባንድ አየቻቸው።

«ምን ሆኑ?»

ኦሪን አፉን ሲከፍት እውነቱን ሊናገር ነበር። የወጣው ሌላ ሆነ።

«እንጨቱ» አለ። «ልቡ በስብሶ ነበር። ይኸው፣ ጥቁሩን አታዪውም?» የተሰነጠቀውን ቁራጭ አንሥቶ የቧንቧውን ጥላ አሳያት።

ቬርና ዶናቱን አስቀመጠች። ቁራጩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም ኦሪን ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቷ ግን በራ።

«በስብሶ ነበር» አለች። «እንግዲህ ደግ አደረግሁ። ኦሪን፣ አንተ አታውቅም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። ይህን እወስደዋለሁ። እሑድ ሲመጡ ለማርሲ አሳያታለሁ። አንተም ትመጣለህ፤ አንተ ስትነግራት ታምናለች። ውሸት ተናግረህ አታውቅማ።»

ትንሿን ሳህንና ቁራጩን በሻርፗ ጠቅልላ ሄደች። ዶናቱ እዚያው ቀረ፤ ኦሪን አልነካውም።

ዓርብ ዕለት ሉሲየን መጣ። ቀዳዳውን አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«በዚህ ሾርባ የበላ ሰው የሚጠግበው ጭኑ ነው!» አለ። «አይዞህ፣ ሁላችንም እንዲህ የተበሳ አንዳንድ አለን። በኔው ሚስቴ አበባ ተክላበታለች። የሳህኑን እግር አብረህ ለካኸው፣ አይደል?»

«በስብሶ ነበር።»

ሉሲየን ሳቁን አቆመ። ትልቁን ሳህን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ በጥፍሩ ቧጠጠው።

«ይሄ? ይሄ የቧንቧ ጥላ ነው፤ እንጨቱ እንደ ብረት ነው። ይህን ለማን ነው የነገርከው?»

ኦሪን መጥረጊያ አንሥቶ ፍቅፋቂውን መጥረግ ጀመረ። ሉሲየን ኮፍያውን አጠለቀ። «እንጨት ማበላሸት ምንም አይደለም» አለና ወጣ። የቀረውን ኦሪን ራሱ ያውቀዋል።

እሑድ ከቀትር በኋላ የቬርና ቤት ሞቅ ብሎ ነበር። የፈላው ሽሮፕ በየሳህኑ በተሞላ ንጹሕ በረዶ ላይ ይፈስሳል፤ እንደ ሙጫ ሲረጋ በሹካ ጠቅልለው ይበሉታል፤ ጣፋጩ ሲያንገሸግሽ የኮመጠጠ ኪያር ይነክሱበታል። ሦስቱም ልጆች መጥተዋል። ማርሲ ካፖርቷን አላወለቀችም።

ኦሪን በበሩ ሲገባ ቬርና ተነሥታ ቁራጩን ከመደርደሪያ አወረደች።

«ይኸው! እሱ ይንገርሽ። እኔን አታምኝም። ኦሪን፣ ንገራት።»

ማርሲ ቀና አለች። «እውነት ነው ሚስተር ታትሮ? በስብሶ ነበር?»

ኦሪን በብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ፈታው። ቀዳዳ የተከፈተበትን ትልቅ ሳህን ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ እስኪመጣ ድረስ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ጠፋበት።

«አልበሰበሰም» አለ። «ጤነኛ ነበር። እኔ ነኝ የበሳሁት። የማይሆን ቢላዋ ገዛሁ፤ ተው ተብዬ ነው የገዛሁት። ልኩን ተሳሳትኩ። ከዚያ ለእናታችሁ ዋሸኋት። ጥቁሩ የአባታችሁ ቧንቧ ጥላ ነው።»

 ኦሪን ቬርናን ማየት አልቻለም፤ የሰጣትን ማጽናኛ መልሶ እንደ ነጠቃት ያውቃል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዞራል።

«ሰማሽ፣ እማማ?» አለች ማርሲ በቀስታ። «ጤነኛ ነበር።»

ቬርና ቁራጩን አሁንም እንደ ያዘች ነው። በአውራ ጣቷ ጥቁሩን መስመር ዳሰሰችው።

«አርባ አንድ ዓመት የሆሊስን ባልዲ ያጠብኩ ሴት ነኝ» አለች። «የቧንቧ ጥላ ምን እንደሚመስል በማወቅ ከኦሪን አላንስም። ገና በእጄ ስይዘው አውቄዋለሁ።» ቁራጩን ከተበሳው ሳህን አጠገብ አኖረችው። «እሱ ሲለው ግን ማመን ፈለግሁ። ጤነኛ ዛፍ ነው ያስቆረጥኩት፣ ማርሲ። ፈርቼ ነው። ብቻዬን ሆኜ ሌሊት ሲነፍስ እፈራ ነበር።»

 ማርሲ ካፖርቷን አውልቃ በወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። አላቀፈቻትም፤ አጠገቧ ተቀመጠች ብቻ።

ኦሪን ወደ በሩ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለች ቬርና ሳታየው። «ቁጭ በል። በረዶው እየቀለጠ ነው።»

መሄድ ይቀለው ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ልጅ ሹካ አቀበለችው፤ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሣ በላ።